ዓይንሽን ብቻ አውቃለሁ

ሲስተር፣ በስምሽ ልጥራሽ ብል ስምሽ የለኝም። ያለኝ ሁለት ዓይን ነው፤ ከፕላስቲክ መነጽር ኋላ፣ በላብሽ ጉም ተሸፍኖ አንዴ የሚታይ አንዴ የሚጠፋ። ያለኝ ድምፅሽ ነው፤ እሱም በማስክ ታፍኖ የደረሰኝ። ጠይም ትሁኚ ቀይ፣ ጥርስሽ ፍንጭት ይሁን ግጥግጥ፣ ስትስቂ ጉንጭሽ ይሰርጎድ አይሰርጎድ፣ እኔ እንጃ። ሞት ሲመጣም ሲመለስም አብረን ያየን ሰዎች ነን፤ ግን ዛሬ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ፊትና ኋላ ብንቆም አንተዋወቅም። ወይ ጉድ! ያተረፈችውን ሴት መልክ የማያውቅ ሰው ምን ይባላል?

ሰው ሚሊኒየም አዳራሽን የሚያውቀው በደስታው ነው። አገር 2000 ዓ.ም.ን ለመቀበል ስትሰናዳ ቦሌ ላይ፣ ከኤርፖርቱ አፍንጫ ሥር የቆመ አዳራሽ ነው። ቢዮንሴ ዘፍናበታለች፤ ስንቱ ኮንሰርት፣ ስንቱ የበዓል ባዛር ደምቆበታል። እኔ የማውቀው ግን በጣራው ነው፤ በጀርባዬ ተንጋልዬ ያንን ሩቅ ጣራ ሳይ ከርሜ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ ሕሙማን ይወሰዱ የነበረው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ቁጥሩ እየበረታ ሲሄድ፣ ግንቦት ማለቂያ ላይ አዳራሹ እስከ 1,000 ሰው የሚይዝ የሕክምና ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። ዘፋኝ በቆመበት የኦክስጂን ሲሊንደር ቆመ። ጭብጨባ በሚያስተጋባበት ሳል አስተጋባ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው፣ ከላይ የካርጎ አውሮፕላን ሲያልፍ፣ በመካከሉ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ሲል፣ ጆሮዬ የሚጠብቀው የአንቺን የቦት ጫማ ኮቴ ነበር።

በእኛ አገር የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ነርስ መርፌዋን ወግታ፣ ሙቀት ለክታ፣ ካርዱ ላይ ጽፋ ወደ ቀጣዩ አልጋ ታልፋለች፤ የቀረው የአስታማሚ ነው። አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዞ የሚመጣው፣ ትራሱን ቀና የሚያደርገው፣ ሽንት ቤት ደግፎ የሚያደርሰው፣ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው ወንድም ነው፣ ልጅ ነው፣ የአክስት ልጅ ነው። እሁድ ሲሆን ደግሞ ጠያቂው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል፤ "እግዜር ይማርህ" ይላል፤ የሰፈሩን ወሬ ያወራል፤ ሕመምተኛውን አድክሞት ይሄዳል። ያ ድካም እንዴት ያለ መድኃኒት እንደነበረ የገባኝ ሲቀርብኝ ነው። ያን ክረምት ዘመድ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ልጄ ከገርጂ ድረስ ምግብ ይዞ ይመጣና እኔን ሳያይ ይመለሳል። እናቱ መንገድ ማዶ ቆማ አዳራሹን ስታይ ትውላለች፤ ግድግዳ እንደሚጠየቅ፣ ግድግዳ "ተሽሎታል" ብሎ እንደሚመልስላት።

ከበሩ ወዲህ የነበርሽው አንቺ ነሽ። የነርሷንም ሥራ፣ የወንድሜንም፣ የሚስቴንም፣ የልጄንም ደርበሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ደመወዝሽ ግን የአንዷ ብቻ ነበር።

እስቲ ያቺን ሌሊት ላንሳት። ጣቴ ላይ የሰካሽው የኦክስጂን መለኪያ 82 አለ። ቁጥሩን አይቼ ፊትሽን ፈለግኩ፤ ሰው የሐኪም ፊት አይቶ ነው ዕጣውን የሚያነብበው። ፊት የለም። ከዚያ ጎንበስ አልሽና "አባቴ! በደረትዎ ይተኙልኝ!" አልሽ፤ ከማዶ ተራራ እንደሚጣራ እረኛ፣ ጮክ ብለሽ። ማስኩ ድምፅሽን ይይዘዋል፤ የኦክስጂኑ ፉጨት ጆሮዬን ይይዘዋል፤ ስለዚህ ርኅራኄሽ ሁሉ በጩኸት ነበር። "አይዞዎት!" ትያለሽ፣ ጮኸሽ። "እኔ አለሁ!" ትያለሽ፣ ጮኸሽ። አንድ ክንድሽን ከትከሻዬ ሥር አስገባሽ፣ ሌላውን ከወገቤ ሥር፤ ያን የላስቲክ ልብስ እያንኮሻኮሽሽ ይህን ሸክም ገለበጥሽው። ከደረቴ ሥር ትራስ ወሸቅሽ። በደረት ሲተኙ የሳንባው ጀርባ ይከፈታል ብለሽ እንደ ተማሪ አስረዳሽኝ። ከዚያ አልሄድሽም። ድርብ ጓንት ያጠለቀ እጅሽን ጀርባዬ ላይ ጭነሽ ቁጥሩን ትጠብቂ ጀመርሽ። 84 አለ። 87 አለ። 91 ሲል ጀርባዬን መታ መታ አደረግሽኝና "ጎበዝ!" አልሽኝ፤ ልጅ ያሳደግኩትን ሽማግሌ። አለቀስኩ። ፊቴ ወደ ፍራሹ ስለነበር አላየሽኝም።

ሲነጋ ሾርባ ይዘሽ መጣሽ። የኦክስጂኑን ጭንብል ታነሺና አንድ ማንኪያ፤ ትመልሽና ትንፋሽ፤ እንደገና ታነሺና አንድ ማንኪያ። ሳህኑ እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ "ፈጠን ይበሉ" አላልሽኝም። አልጋው ብዙ፣ አንቺ አንድ። ከመነጽርሽ ጠርዝ ላብ ጠብ ሲል አየሁ። ያን ልብስ ለብሶ ውኃ አይጠጣ፣ ፊት አይታከክ፣ ሽንት ቤት አይኬድ። እኔ እየጎረስኩ አንቺ ጦምሽን ነበርሽ።

ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። አገሩ ታመሰ፤ ኢንተርኔቱም ለሳምንታት ጠፋ። የቤቴን ሰዎች ፊት በስልክ ማየት ስችል ኖሬ እሱም ቀረ። ያኔ ስልኬን በላስቲክ ጠቅልለሽ ጆሮዬ ላይ ያዝሽልኝ። ሚስቴ ከዚያኛው ጫፍ ስታለቅስ አንቺ በማስክሽ ውስጥ "እማማ፣ እየበላ ነው! ደህና ነው!" ብለሽ መለስሽላት። ደህና አልነበርኩም። ያንን ውሸትሽን እግዜር እንደ ጽድቅ ይቁጠርልሽ።

ከጎኔ የተኙት ሐጂም በአንቺ ተራ ሌሊት ነው ያለፉት። የመጨረሻቸው መድረሱን ስታውቂ ሮጠሽ አንድ ሙስሊም ባልደረባሽን ጠራሽና ሸሃዳውን አብሯቸው እንዲል አደረግሽ። እጃቸውን ግን አንቺ ነበርሽ የያዝሽው። ድንኳን የለ፣ እድር የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። አንድ የተከበሩ አባት ከዚህ ዓለም ሲወጡ የሸኛቸው ሕዝብ ሁለት ነርስና አንድ የአልጋ ጎረቤት ነበር።

አንድ ቀን "ልጅ አለሽ?" ብዬ ጠየቅኩሽ። አልተሰማሽ መሰለኝ፣ ደገምኩልሽ። ሁለት ጣትሽን አሳየሽኝና ወደ ሌላው አልጋ ሄድሽ። ሁለት ልጆች ማለትሽ ይሁን፣ የሁለት ዓመት ልጅ ማለትሽ ይሁን፣ ይኸው እስካሁን አላወቅኩም። ከእኔ አልጋ ወጥተሽ በሽታ ይዤባቸው እገባለሁ እያልሽ ስንት ሌሊት ሰግተሽ ይሆን? ስንት ጊዜ በራፍ ላይ ቆመሽ፣ ሳታቅፊያቸው ተመልሰሽ ይሆን? እኔ ልጄን የናፈቅኩትን ያህል አንቺም ትናፍቂ ነበር፤ ልዩነቱ አንቺ ናፍቆትሽን ዋጥ አድርገሽ የእኔን ታባብዪ ነበር።

ስምሽማ ደረትሽ ላይ ተጽፎ ነበር። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ስለምትመስሉ በማርከር ትጽፉት ነበር። እኔ መነጽሬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት፤ ቀረብ ስትዪልኝ ደግሞ በረኪናው ፊደሉን አደብዝዞታል። አንድ "ት" አየሁ ልበል? ትዕግሥት? ትርሲት? ሕይወት? እንጃ። ተራሽ ሲያበቃ ልብሱ ይወለቃል፣ ይቃጠላል። ስምሽ በየቀኑ ተጻፈ፣ በየቀኑ ነደደ።

ልዕልት ፀሐይን አስባታለሁ። የንጉሥ ልጅ ሆና፣ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት የተማረች፤ አገሯ ነጻ ወጥቶ ስትመለስም ገና በ20ዎቹ ዕድሜዋ፣ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት ያረፈች። መታሰቢያ ሆስፒታል በስሟ ተሠራላት። ዛሬ ያን ሆስፒታል ሰው የሚያውቀው ጦር ኃይሎች ብሎ ነው። የልዕልት ስም በግንብ ላይ ካልበረከተ፣ በላስቲክ ላይ የተጻፈው የአንቺ ስም ምን ዕድሜ ይኖረዋል? የዓለም ጤና ድርጅትማ ያን የፈረንጆች 2020 የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበትን 200ኛ ዓመት ለማሰብ። በዚያው በክብር ዓመታችሁ ፊታችሁ ተሸፍኖ፣ ስማችሁ እየነደደ ዋላችሁ።

ድነሃል የተባልኩ ቀን አንቺ ተረኛ አልነበርሽም። "ያቺ ሲስተር የት አለች?" ብዬ ጠየቅኩ። "የትኛዋ፣ አባቴ?" አሉኝ። ምን ልበል? "ያቺ ዓይኗ…" ስል ሳቁብኝ፤ ሁሉም ዓይን ብቻ ነበሩ። ከአዳራሹ ስወጣ የቦሌ ፀሐይ አጥበረበረኝ። ቤቴ ገባሁ። በላሁ፣ ወፈርኩ፣ ሰው ሆንኩ። ምስጋናዬ ግን አፌ ውስጥ ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ተስፋ ነበረኝ። ሰዉ ሁሉ ማስክ ያደርግ ነበርና በመንገዱ ሁሉ ዓይን እያየሁ እሄድ ነበር። ቦሌ ሩዋንዳ ጋ ካፌ በር ላይ፣ ኤድና ሞል ፊት ለፊት፣ ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ማስክ ያደረገች ሴት ባየሁ ቁጥር "ይህችስ?" እላለሁ። ኋላ በሽታው በረደ። በአገራችን ከ7,500 የሚበልጥ ሰው እንደወሰደ ተመዘገበ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል አለ። ከዚያ በፊትም ሕዝቡ ማስኩን አውልቆ ጨርሶ ነበር። ሁሉም ፊቱን ሲያገኝ እኔ አንቺን አጣሁሽ። ሙሉ ፊት ሆነሽ ብትመጪ አላውቅሽም፤ እኔ የማውቅሽ ተሸፍነሽ ነው። ምናልባት ገርጂ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒቴን አቀብለሽኛል። ምናልባት ባሕር ማዶ ተሻግረሽ የፈረንጅ ሽማግሌ እየገለበጥሽ ነው። ምናልባትም… ያቺን ሦስተኛዋን ምናልባት አልላትም።

"ለነርሶች ሁሉ አመስግን፣ ለእሷም ይደርሳታል" ይሉኛል። ነርሶችን ሁሉ አከብራለሁ፤ ግን አይሆንልኝም። የተበደርኩት ከሁሉም አይደለም። ያን ሌሊት ጀርባዬ ላይ የተጫነው እጅ የአንዲት ሰው እጅ ነው፤ ዕዳም ባለቤት አለው።

ቦሌ መድኃኔዓለም ሄጄ ስም ላስጠራልሽ ፈለግኩ። ቄሱ "ስመ ክርስትናዋ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "የዓለም ስሟስ?" አሉኝ። አሁንም ዝም። ክርስቲያን ትሁኚ አትሁኚ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ቢቸግረኝ የራሴን ስም ሰጠኋቸው። የምኖረው ዕድሜ ከአንቺ እጅ የተቀበልኩት ስለሆነ፣ በእኔ ስም ቢጸለይልሽ ውሸት አይሆንም ብዬ።

እንግዲህ ልመርቅሽ፣ ልጄ። ክንድሽ አይዛል። ላብሽ ለከንቱ አይፍሰስ። ልጅሽ፣ ሁለትም ከሆኑ ሁለቱም፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ። የተረኝነት ሌሊትሽ ይቅለልሽ፤ ደመወዝሽ ይጨምርልሽ። አንቺም እንደ ሰው አንድ ቀን መታመምሽ አይቀርምና፣ ያን ቀን አስታማሚ አትጪ። የተኛሽበትን የሚነግረኝ ሰው ካገኘሁ፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዤ፣ ካርቶኔን አንጥፌ የማድረው እኔ ነኝ።