ቀኝ እግር ቢቀድምስ?

ስኬትቦርድ የሚጫወቱ ልጆቻችን ግራ እግሩን አስቀድሞ የሚቆመውን «ሬጉላር»፣ ቀኙን የሚያስቀድመውን ደግሞ «ጉፊ» ይሉታል። በበረዶ ላይ በሚነዳው ስኖውቦርድም አጠራሩ ያው ነው።

ችግሩ የቃላቱ ፍች ነው፤ «ሬጉላር» መደበኛ፣ «ጉፊ» ግን ቂላቂል እንደ ማለት ነው። ታናሹ ልጃችን ቀኙን የሚያስቀድም ነውና ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ እግሩንም ሊቀይር ቃጣው።

እኛም «ልጃችን፣ ስሙ የአቋም እንጂ የጉድለት አይደለም» አልነው። አሜሪካዊው ቶኒ ሃውክ በ1999 እ.ኤ.አ. በውድድር ላይ፣ በአየር ሁለት ዙር ተኩል ተሽከርክሮ በስኬትቦርዱ በደህና አርፏል፤ እርሱም «ጉፊ» ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጅ በካልሲ ሊሾ ላይ ሲንሸራተት የትኛው እግሩ እንደሚቀድም አስተውሉ፤ የሚመቸው አቋም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በዚያው ይቁም፤ ለስም ብሎ ሚዛኑን አይጣ።