የቤታችሁ ፕላን በማን እጅ ነው ያለው?

ቤት ለመሥራት የምታስቡ፣ ወይም ሠርታችሁ የገባችሁ ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቤታችሁ ፕላን ፋይል የት ነው ያለው? ማኅተም ያረፈበትን ወረቀትማ ብዙዎቻችሁ ከካርታው ጋር አጥፋችሁ አስቀምጣችሁታል። እኔ የምጠይቀው ባለሙያው በኮምፒውተር የሠራውን ነው፤ ግድግዳ ለማንሳት፣ መስኮት ለማስፋት፣ ክፍል ለመጨመር ሲፈለግ የሚከፈተውን። በእጃችሁ ካለስ፣ ዛሬ ቢሞከር ይከፈታል?

ሥራዬ ቤት መንደፍ ስለሆነ ይህ ጉዳይ በየጊዜው ይገጥመኛል። ባለፈው ክረምት የገጠመኝ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሪያድ የምትሠራ አንዲት እህት አዳማ ላይ ለወላጆቿ ያሠራችው ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለ። አባቷ ጉልበታቸው ደክሞ ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ምድር ላይ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ይጨመርላቸው አለች። ቀላል ሥራ ነበር። ፕላኑን የሠራው ልጅ ግን አገር ለቆ ሄዷል፤ የሠራውም በኢንተርኔት በሚከፈትና በየዓመቱ በሚከፈልበት ፕሮግራም ነው። መክፈል ካቆመ ቆይቷል። ልጁን አፈላልገን፣ የይለፍ ቃሉን ተቀብለን ስንገባ ቤቱ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ ይዞራል። መለካት ግን አይቻልም፤ ማተም አይቻልም፤ ወደ ሌላ ፕሮግራም ማውጣትም አይቻልም። ለዚያ የዓመቱን ክፍያ በሙሉ በዶላር ክፈሉ ይላል። እህታችን ከሪያድ ልክፈል ስትል ደግሞ አካውንቱ የተከፈተበት አገርና የካርዱ አገር አልገጥም አለ። ለድርጅቱ ብንጽፍ የላኩልን መልስ የውሉን አንቀጽ ነው።

ስለዚህ ቤቱን እንደ አዲስ በሜትር ለካነው። ከመሬት በላይ ያለው ይለካል። ከወለሉ በታች ያለውን የፍሳሽ መስመር ግን በምን ታገኘዋለህ? የሳኒተሪው ሉህ እዚያው የተዘጋ ፋይል ውስጥ ነው፤ ከታተመው ጥራዝ ላይ ያ ገጽ ጠፍቷል። ቧንቧው በየት በኩል ወደ ማንሆሉ እንደሚሄድ ለማወቅ የኮሪደሩን ሴራሚክ መስበር ግድ ሆነ። እናትየዋ በሩ ላይ ቆመው፣ መዶሻው ባረፈ ቁጥር ዓይናቸውን እየጨፈኑ፣ «ልጄ፣ ሁሉም ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ተብሎ አልነበር እንዴ?» አሉኝ። አለ እማማ፣ ግን አይሰጡንም ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ያን ሴራሚክ ልጃቸው ከሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው ያስነጠፈችው።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ደህና ሆኖ የተሠራ ቤት ሃምሳ ዓመት ይኖራል፤ በዚያ ዕድሜው ውስጥ ልጅ ይወለድበታል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል፣ ቧንቧው ይቀየራል። ፕላኑ የተሠራበት ፈቃድ ግን የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው ያለው። ኪራይ መክፈል ያቆመ ተከራይ ቤቱን ይለቃል እንጂ ዕቃው ውስጥ ተቆልፎበት አይቀርም። እዚህ ግን የሚቆለፈው የራሳችን ሥራ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስ።) አውቶዴስክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አውቶካድ የተባለውን የንድፍ ፕሮግራም ያወጣው በ1982 ነው። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ፕሮግራሙን አንዴ የገዛ ሰው ኮምፒውተሩ እስከሠራ ድረስ ይጠቀምበት ነበር። በ2016 ኩባንያው ያንን ዓይነት ሽያጭ አቁሞ ሁሉንም ወደ ኪራይ አዞረው። ስኬችአፕ የተባለው የንድፍ ፕሮግራምም ተከተለ። እሱን ጉግል በ2006 ገዝቶ በነፃ ሲለቀው ስንት የኛ አገር ተማሪ የመጀመሪያውን ባለ ሦስት ገጽታ ቤት እንደሠራበት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ2012 ትሪምብል ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ነፃ ሥሪት የ2017ቱ ነው፤ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ለዘለቄታው መግዛት ቀረ። አሁን በነፃ የሚገኘው በብራውዘር የሚከፈተው ነው፤ እሱም ለግል ጉዳይ እንጂ ገንዘብ ለሚያስገኝ ሥራ አልተፈቀደም። የራስህን ቤት ብትነድፍበት መብትህ ነው፤ የጎረቤትህን ነድፈህ ብር ብትቀበልበት ውል አፈረስክ።

ነገሩ በፍርድ ቤትም ተፈትኗል። ቲሞቲ ቬርኖር የሚባል አሜሪካዊ ሲያትል ካለ የአርክቴክቶች ቢሮ ያረጁ የአውቶካድ ዲስኮችን ገዝቶ ኢቤይ ላይ ሊሸጥ ሲል ኩባንያው አስቆመው። ሰውየው ከሰሰ፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታ። በ2010 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገለበጠው፤ ቢሮው መጀመሪያውኑ ገዢ ሳይሆን የተፈቀደለት ተጠቃሚ ብቻ ስለነበር ሊሸጠው አይችልም ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኦራክልን በሚመለከት ጉዳይ የተለየ ፍርድ ሰጠ፤ ላልተወሰነ ጊዜ ተከፍሎበት የተወሰደ ፕሮግራም ተሽጧልና ያገለገለውን ቅጂ ለሌላ መሸጥ ይቻላል አለ። እኔ የአውሮፓው ፍርድ ልክ ይመስለኛል። ግን ኩባንያዎቹ ሁሉን ወደ ዓመታዊ ኪራይ ካዞሩ በኋላ የሚሸጥ ቅጂ የያዘ ሰው እየጠፋ ነው።

ይህ የድሃ አገር ሰዎች እሮሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2020 ዛሃ ሃዲድ አርኪቴክትስና ግሪምሾን የመሳሰሉ ታላላቅ ቢሮዎች ስለ ሌላው የአውቶዴስክ ፕሮግራም ስለ ሬቪት ዋጋና አዝጋሚ ዕድገት ለኩባንያው ግልጽ ደብዳቤ ጽፈዋል። እነሱ ቢያንስ ደብዳቤያቸው ይነበባል።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረውን ልናገር። አብዛኞቻችን በክራክ፣ ማለትም ቁልፉ በተሰበረ ፕሮግራም፣ ነው የምንሠራው። ከኮምፒውተር ቤት በፍላሽ፣ አሁን ደግሞ ከቴሌግራም ቻናል። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ገና የተመረቀ ልጅ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ያመጣል? በሐምሌ 2016 በኛ አቆጣጠር የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚከፈለው ሁሉ በብር ሲታይ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህንን እያወቅሁ ግን ክራክ መፍትሔ ነው ማለት አልችልም። ፕሮግራም የሠሩት ሰዎችም ድካማቸው ነው፤ የኛው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ከሕጉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ልጆቹ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ነው። እጃቸው የሰላ፣ ለውጭ ቢሮ ከዚሁ ሆነው መሥራት የሚችሉ ልጆች «ላይሰንስህን አሳይ» ሲባሉ ወደኋላ ይላሉ። ከክራኩ ጋር በገባ ቫይረስ የዓመት ሥራው የጠፋበትም አለ።

በሕጋዊ መንገድ ለተማሪ የሚሰጠው ሥሪትም የራሱ ወጥመድ ነበረው። በቀድሞው የአውቶካድ የትምህርት ሥሪት የተነካ ፋይል ሲታተም በአራቱም የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ለትምህርት በተሰጠ ፕሮግራም መሠራቱን የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ተማሪው የሣለው አንድ በር ተቀድቶ የቢሮ ፋይል ውስጥ ከገባ ጽሑፉ እዚያም ይከተላል። በኋላ ሥሪቶች ይህ ቀርቷል፤ የተማሪ ፈቃድ ለትምህርት ብቻ ነው የሚለው ውል ግን እንዳለ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ኮንዶሚኒየም ደርሷችሁ፣ ወይም ቤታችሁን ልታድሱ ፈልጋችሁ አልጋው የት ይገባል፣ ምድጃው የት ይቁም የምትሉ ከሆነ ስዊት ሆም ስሪዲ የተባለውን ፕሮግራም አውርዱ። ኢማኑኤል ፑይባሬ የተባለ ፈረንሳዊ ከ2006 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ነው። ፈቃዱ ጂፒኤል የሚባለው ነፃ ፈቃድ ስለሆነ ለራስህም ለደንበኛህም ብትሠራበት የሚጠይቅህ የለም። የፕላኑን ወረቀት በስልክ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱና ከሥር አስገቡት፤ ርዝመቱን የምታውቁትን አንድ ግድግዳ መርጣችሁ መስመር አስምሩበት፣ ልኩን ጻፉለት፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በልክ ይሆናል። የግድግዳውን ውፍረት ራሳችሁ አስተካክሉ። ባለ 20 ብሎኬት ከሆነ ሃያ ሴንቲ ሜትር ላይ የሁለቱን ወገን ልስን ደምሩ፤ አለበለዚያ ቁም ሳጥኑ ስክሪን ላይ ገብቶ ቤት ውስጥ እምቢ ይላል። ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብ የስትራክቸር ሥራ አይሠራበትም፤ ለዚያ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ባለሙያ ስትቀጥሩ ደግሞ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት በምን ፕሮግራም እንደሚሠራ ጠይቁት። ሥራው ሲያልቅ ፒዲኤፉን ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ሊስተካከል የሚችለውን የዲደብሊውጂና የዲኤክስኤፍ ፋይሉን፣ በሬቪት ወይም በአርኪካድ ከሠራው የአይኤፍሲውንም ጨምሮ ይስጣችሁ። አይኤፍሲ የየትኛውም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ ፍሪካድን በመሳሰሉ ነፃ ፕሮግራሞችም ይከፈታል። የሬቪት ፋይል ብቻውን አያስተማምንም፤ በአዲሱ ሥሪት የተቀመጠ በቀድሞው አይከፈትም፣ ወደኋላ መልሶ ማስቀመጫም የለውም። ዲደብሊውጂ ለማየትና ለማተም አውቶዴስክ ራሱ በነፃ የሚሰጠው ትሩቪው አለ።

እኔም ከአዳማው ቤት ወዲህ በምፈርመው ውል ላይ አንቀጽ ጨምሬያለሁ። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ሁሉም ሉሆች፣ ሳኒተሪና ኤሌክትሪክን ጨምሮ፣ ክፍያ በማይጠይቅ ፕሮግራም በሚከፈት ፋይል ለባለቤቱ ከተሰጡና ባለቤቱ ፊት ለፊቴ በራሱ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ከፍቶ ካያቸው በኋላ ነው። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ደንበኛውን በገዛ እጅህ ለሌላ ባለሙያ አሳልፈህ ትሰጣለህ ይሉኛል። ልስጠው። ቤቱ የሱ ነው፤ ነገ እኔ ባልኖርም ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠራው ባለሙያ ያንን ፋይል ይፈልገዋል። እናንተስ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ለደንበኛ ምን ምን ታስረክባላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የኔን አንቀጽ የሚፈልግ ካለም በውስጥ መስመር እልካለሁ።