የእቴጌ ምንትዋብ ዘውድ በነጻ ይታያል

ለንደን ኪስ ታራግፋለች። ትልልቅ ሙዚየሞቿ ግን አብዛኞቹ ነጻ ናቸው። ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው ትልቁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ መግቢያ አያስከፍልም። መዋጮ ብትሰጥ ያመሰግኑሃል፣ ባትሰጥ ማንም አይገላምጥህም። ዝናብ የያዘው መንገደኛም፣ ልጅ የያዘች እናትም ይገባሉ። ይህን አስቀድሜ ላመስግን፤ ከዚህ በኋላ ምስጋናው ይቀንሳል።

እኔን የወሰደኝ አንድ የወርቅ ዘውድ ነው። እርከን በእርከን ወደ ላይ ይወጣል፤ የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስል ተቀርጾበታል። ሙዚየሙ ራሱ እንደሚለው፣ በ1730ዎቹ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ማርያም አሠርተው የሰጡት ሳይሆን አይቀርም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ወሰደው።

ምንትዋብ ለእኔ የታሪክ መጽሐፍ ንግሥት ብቻ አይደሉም። የእናቴ አገር ሞጣ ነው። ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የምንትዋብ ልጅ፣ የደጃዝማች ዮሴዴቅ ባለቤት፣ የራስ ኃይሉ እናት ናቸው። ልጅየዋ የተከሉት ደብር ሞጣ አለ፤ እናትየዋ የሰጡት ዘውድ ለንደን።

እንግዲህ አንድ የሞጣ መሪጌታ ይህን ዘውድ ማየት ቢያምራቸው አስቡት። የሙዚየሙ በር ነጻ ነው፤ ቪዛው ግን አይደለም። አዲስ አበባ መውረድ፣ የባንክ ደብተር ማሳየት፣ ተመልሰው እንደሚመጡ ማሳመን አለባቸው። ቢከለከሉ የከፈሉት አይመለስም። «ለሁሉም ክፍት» የሚለው ነገር እኔን የሚያሳቅቀኝ እዚህ ላይ ነው። የዓለም ሕዝብ ሁሉ ለንደን የሚኖር ይመስል!

ጸጸቱስ አልጠፋም። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1863 ዓ.ም. ፓርላማቸው ውስጥ የመቅደላ ዕቃዎች ከአገራችን በመምጣታቸው ከልብ ማዘናቸውን፣ እስኪመለሱም ድረስ ብቻ ሊጠበቁ እንደሚገባ ተናግረዋል። በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አንድ ዘውድ ተመለሰ፤ በወርቅ የተለበጠው የብር ዘውድ ነበር። ወርቁ ቀረ። ምርጫው ብዙ ይናገራል። የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ለረጅም ጊዜ ልናውሳችሁ እንችላለን አሉ፤ ለመመለስ ሕጉ ያግዳቸዋላ። ውሰት! ለባለቤቱ!

«እናንተ ጋ አይጠበቅም» የሚለውን ክርክር ከእኛው ሰዎችም አፍ እሰማዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ጣራ ያፈሳል፣ አይጥ ይበላል፣ ሌባም አለ። ግን በአባቴ አገር በብቸና በኩል ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሄደ ሰው ዕቃ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል። ገበዙ ቁልፉን ይይዛል፤ ብራናው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይረከባል። የሙዚየም ሥራ ከዚህ በምን ይለያል? መስታወቱና መብራቱ ይሻላል፣ እሱን አልክድም። ለነገሩ ሞጣም ጊዮርጊስ፣ ዲማም ጊዮርጊስ፣ የእንግሊዝም ጠባቂ ጊዮርጊስ ነው፤ ክርክሩን ለእሱ ብናቀርብ ሁለታችንም ዳኛው አድልቷል አንልም።

የዘውዱን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። ዕድሜውንም ዋጋውንም አልጠየቀችም። «በየትኛው ንግሥ ነው የሚወጣው?» አለችኝ። እኔ መስታወቱን፣ ወርቁን፣ የቅርጹን ሥራ ሳደንቅ ነበር የቆየሁት፤ እሷ የምታውቀው ዘውድ ግን ቄስ ጭኖት፣ ጥላ ተዘርግቶ፣ በእልልታ የሚዞር ነው። «አይወጣም» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ለንደን ያላችሁ የሞጣና የብቸና ልጆች፣ በባቡር ሳውዝ ኬንሲንግተን ውረዱ፤ ከጣቢያው በመሬት ውስጥ መተላለፊያው ሙዚየሙ በር ድረስ ትደርሳላችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መግለጫው ላይ የምንትዋብን ስም ሲያነቡ፣ የወለተ እስራኤልን ስም እናንተ ጨምሩላቸው።