የገበሬው ተሳቢ

በአሜሪካ 26,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ ለመንዳት የንግድ መንጃ ፈቃድ ግድ ነው፤ መሠረቱ በ1986 የወጣው ሕግ ነው። ገበሬው ግን የራሱን እህልና ከብት እስከጫነ ድረስ፣ በ2012 የወጣ ሌላ ሕግ ከፈቃዱም፣ ከጤናና ከአደንዛዥ ዕፅ ምርመራውም ነፃ አድርጎታል፤ በክፍለ ግዛቱ እንደ ልቡ፣ ድንበር ተሻግሮም ከእርሻው እስከ 150 የአየር ማይል ድረስ። በኪራይ ለሌላ መጫን ግን ተከልክሏል።

መኸር ቀጠሮ አይሰጥምና ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም ፍሬን ቢበጠስ ያ ክብደት የማን እህል እንደሆነ ይጠይቃልን? ከ2022 ወዲህ አዲስ ገቢው ሾፌር፣ ከእኛም ወገን ስንቱ፣ ያለ ተመዘገበ ማሠልጠኛ ለመንዳት ፈተና አይቀርብም። ገበሬው በምክር ቤት ጠበቃ አለው፤ ስደተኛው ሾፌር ግን የሥልጠና ክፍያው ደረሰኝ ብቻ።