በአምቦ መንገድ የተሰማ በገና

አምቦን ከነጭራሹ የማያውቅ በመካከላችሁ ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ሌላው ቢቀር ከጠርሙሱ ያልቀመሰ የለም። ከተማዋ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር፤ ለፍል ውሃዋ የሚስማማ ስም ነው። በዐቢይ ጾም እኔም እናቴን ይዤ ወደዚያው ተጓዝኩ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን ታነጋለች፤ ጉልበቷንም ያማታል። አምቦ ሄደሽ ብትነከሪ ይሻልሻል ያሏት ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ከአዲስ አበባ አምቦ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሆለታን አልፈን አዲስ ዓለም ወረድን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ጀምረው ነበር። የአዲስ አበባ የማገዶ ችግር በባሕር ዛፍ ሲቃለል ሐሳቡ ቀረ፤ ስፍራውም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እናቴ ልትሳለም ስትገባ፣ በቅጥሩ ጥግ ከዛፍ ሥር አንዲት ወጣት በገና ትደረድር ነበር።

ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ ንብ የሰፈረበት ቀፎ ይመስላል። ልጅቱ ከምትዘምርበት ጊዜ ይልቅ የምትቃኝበት ይበልጥ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃት አሳየችኝ። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። እንዚራው ለፀጉር ያህል ፈቀቅ ካለ ድምፁ ይደርቃል። በቦታው ሲውል ግን አውታሩ እየነካው ይነዝራል፤ ያን ጊዜ በአንዱ ድምፅ ውስጥ ተደብቀው የነበሩት ቀጫጭን ድምፆች ይወጣሉ። አንድ አውታር በሴኮንድ 100 ጊዜ ቢርገበገብ፣ በውስጡ 200፣ 300፣ 400 ጊዜ የሚርገበገቡም አሉ ማለት ነው። የእኛም ጉሮሮ እንዲሁ ነው። ሞንጎሎችና ቱቫዎች ምላሳቸውንና ከንፈራቸውን እየገሩ እነዚህን ድምፆች ለይተው ያወጧቸዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ከታች እያጉረመረመ ከላይ እንደ ፉጨት ያለ ዜማ ያሰማል። ዩኔስኮ የሞንጎሎቹን በ2010 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። የእኛ እናቶችና አባቶች ግን ሥራውን ለቆዳ ቁራጭ ሰጥተው፣ ጉሮሯቸውን ለጸሎቱ አስቀርተዋል። (በገና የወንድ ነው የሚላችሁ ቢኖር፣ እቴጌ ጣይቱ በገና ደርዳሪ እንደነበሩ ንገሩልኝ።)

ዞር ብል እናቴ ዛፉን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ከሁለት ወር ወዲህ እንዲህ ስትተኛ ማየቴ ነበር፤ መኪናው ቢያመልጠንም አልቀሰቀስኳትም።

አምቦ ደርሰን ሻንጣዋን ስፈታ የደም ግፊት ኪኒኗ የለም።

«የት አለ፣ እማዬ?»

«ቤት ነዋ። ፍል ውሃው እያለ፣ በገናው እያለ፣ ኪኒን ምን ያደርግልኛል? ከተውኩትም ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።»

በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ ብዬ ጽፌያለሁ! የገዛ እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ግን አላየሁም። ወዲያው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ግፊቷ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ እሷን ትታ የተቆጣችው እኔን ነው፤ ልክ ነበረች። መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ጀመረች፤ ግፊቷ እስኪወርድም ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳትገባ ተነገራት። ለፍል ውሃ መጥተን ሁለት ቀን ፍል ውሃውን በሩቁ ስናይ ሰነበትን።

እንግዲህ የእናቴን እንቅልፍ ከንቱ ነው ልላት አልችልም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁና። ዝግ ያለ ዜማ የሰማ ሰው ትንፋሹም ዝግ ይላል፤ ረጋ ብሎ መተንፈስ ግፊትን ለጊዜው በጥቂቱ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችልም በጥናት ታይቷል። ለጊዜውና በጥቂቱ ነው እንጂ 180ን የሚያወርድ አይደለም።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ግን ነገሩን ከእኔ አሳጥረው ተናገሩት። በኦሮሞ እናቶች ዘንድ አቴቴ የሚባል ሥርዐት አለ፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ተሰብስበው፣ አንዷ እያወጣች ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ ልጅ ላጣች፣ ምጥ ለጠናባት ይዘምራሉ። «እትዬ፣ ታዲያ ይረዳል?» አልኳቸው።

«ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለቻ» አሉኝ። «ዱሮ ቤት ውስጥ ሆነን ነበር የምንዘምርላት። ዛሬ እየዘመርን ሐኪም ቤት እናደርሳታለን።»

ያን ዕለት ማታ እናቴ ኪኒኗን ከዋጠች በኋላ በጨለማው ውስጥ አፏን ገጥማ በዝግታ ስታንጎራጉር ሰማኋት። መቼ እንዳቆመች ግን አላውቅም፤ የቀደምኳት እኔ ነኝ።

በመልሳችን አዲስ ዓለም ላይ እንደገና እንውረድ አለችኝ። ኪኒኑስ ብላት የቀሚሷን ኪስ መታ መታ አድርጋ አሰማችኝ።