ስለ ዶሮ ቤት ጉዝጓዝ

ጥንት የፈረስ ገበያ በነበረው በፈረስ መጋላ፥ በጀጎል ግንብ ውስጥ፥ ቤቱ ተጠጋግቶ የተሠራ ስለ ሆነ የአንዱ ግቢ ሽታ ለጎረቤቱ ይደርሳል። እኔም ዘጠኝ ዶሮዎች ይዤ፥ ወጪ ለማዳን ብዬ፥ ከገበያ የሚጣለውን የጫት ገራባ በነጻ እያመጣሁ ጎዘጎዝሁላቸው። እርጥቡ ቅጠል ከኩሱ ጋራ ተብላልቶ አሞኒያ የሚባለውን ዓይን የሚለበልብ አየር አወጣ፤ ሁለት ዶሮዎችም ዓይናቸው አብጦ ሞቱ። አሮጊቷ ጎረቤታችን «ልጄ፥ አንተ በፍርድ ቤት የሰውን አቤቱታ ትጽፋለህ፤ የእኔን ለማን ልንገር?» ቢሉኝ እጅግ አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ጉዝጓዝ የሚሆነውን ሁሉ እንደ ምስክር መረመርሁ። ጭድ መልካም ነው፤ ነገር ግን የከብት መኖ ስለ ሆነ ይወደዳል፥ ከሻገተም የዶሮን ሳንባ ይጎዳል። አሸዋ ለማመላለስ ይከብዳል። ከአናጢ ቤት የሚገኘው ደረቅ ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ግን እርጥበት ይመጥጣል፥ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት ከነካው እንጨት አለመሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአራት ጣት ውፍረት አንጥፌ በየጥቂት ቀኑ እገለብጠዋለሁ። ጨብጬ ስለቀው ቢበተን ደኅና ነው፤ እንደ ጭቃ ከተያያዘ ያን አውጥቼ በደረቅ እተካለሁ።

በነጻ ያመጣሁት ገራባ ሁለት ዶሮና የጎረቤት ፊት አስከፈለኝ፤ በጥቂት ሳንቲም የገዛሁት ሰጋቱራ ረክሶ ተገኘ። ዛሬ አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን እንቁላል ግዛ ብለው ወደ እኛ ይልካሉ።