ቪ8 ወይስ 300? ከአብቲ ጋር መኪና ልናይ የሄድን ቀን

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ከዒሻ በኋላ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

እኔ የአፍደም ልጅ ነኝ። ኢማማችን ሲታመሙ ወይም መንገድ ሲሄዱ አሰግዳለሁ፣ በቀረው ጊዜ ልጆች አስቀራለሁ፣ የመስጂዱንም የገንዘብ መዝገብ እይዛለሁ። ስለ መኪና የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ግን ባለፈው ዓመት አንድ የመኪና ጉዳይ ከማንኛውም ኪታብ በላይ ፈተነኝ። ብዙዎቻችሁ ነገ ነጋዴ ትሆናላችሁ፣ መኪናም ትገዛላችሁና ልንገራችሁ።

አብቲ ማለት በሶማሊኛ የእናት ወንድም ነው። ደስ የሚለው ነገር አጎትየውም የእህቱን ልጅ መልሶ «አብቲ» ይለዋል። የኔ አብቲ የፍየልና የግመል ነጋዴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአይሱዙ ጋቢና ከሾፌር አጠገብ ተቀምጦ፣ አቧራ እየዋጠ፣ ከአፍደም ድሬዳዋ ተመላልሷል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የትምህርት ቤት ደብተሬን የገዛልኝ እሱ ነው። ሀዲያ አይረሳም፣ የታመመ ሲኖር መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ የኋላውን ስታነቡ እንዳትፈርዱበት ነው።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠበቀኝ። «አብቲ፣ ሁለት መኪና አግኝቻለሁ። አንዱ ቪ8 ነው፣ አንዱ አዲሱ 300። አብረኸኝ ና። ደላላ ይዋሻል፣ ልጆቼ ደግሞ የሚያዩት የሚያምረውን ብቻ ነው» አለኝ።

ለማታውቁ፦ ሁለቱም የቶዮታ ላንድክሩዘር ናቸው። እኛ አገር በደፈናው «ቪ8» የምንለው 200 የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ ለ14 ዓመት ያህል ተሠራ። ከዚያ በሰኔ 2021 ቶዮታ 300ን ይዞ ብቅ አለ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፦ አዲሱ ቪ8 አይደለም። ስምንት ሲሊንደር የነበረው ሞተር ቀርቶ በስድስት ሲሊንደር ተተክቷል። ናፍጣው ከ4.5 ሊትር ወደ 3.3 ሊትር ወርዷል። ሰው ግን አሁንም ሲያየው «ቪ8 መጣ» ይላል። ስም ከሞተር በላይ ይኖራል።

የሞተሩ መጠን ወረደ ማለት ጉልበቱ ወረደ ማለት አይደለም። የድሮው ናፍጣ የመጎተት ጉልበቱ እስከ 650 ኒውተን ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 700 ነው። ካምቢዮው ከስድስት ማርሽ ወደ አሥር ከፍ ብሏል። ክብደቱ ወደ 200 ኪሎ ገደማ ቀንሷል። በአውስትራሊያ ይፋዊ መለኪያ የድሮው ናፍጣ በ100 ኪሎ ሜትር 9.5 ሊትር ሲጠጣ አዲሱ 8.9 ሊትር ነው። ሻንሲው ግን በሁለቱም ራሱን የቻለ ጠንካራ ብረት ነው። በፊትና በኋላ እግር መካከል ያለው ርቀትም 2850 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ቀርቷል፤ ከ80 ጀምሮ ያልተነካ ልክ ነው። ፋብሪካው ብዙ ነገር ሲለውጥ ይህን ልክ አልነካም።

ታዲያ አዲሱን መግዛት ነው እንዳትሉ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ፣ የሚገባው የኤሌክትሪክ ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ስለዚህ ሰው የሚሻማው ቀድሞ በገባው መኪና ላይ ሆነ። ለ300ው የተጠየቀው ገንዘብ ለ200ው ከተጠየቀው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

ሄድን። ድሬዳዋ ላይ ጸጉሩ በጋራዥ የሸበተ አንድ መካኒክ ይዘን መጀመሪያ 200ውን አየን። ነጭ ነው፤ ወንበሩ ትንሽ ተቦጫጭቋል፤ መሪው ከእጅ ብዛት ወልውሏል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይቱን ክዳን አሸተተ። ሥር ገብቶ ሻንሲው የተበየደ ቦታ እንዳለው በእጁ ዳበሰ። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ ደላላውን «ቀረጥ ተከፍሎበታል ወይስ በነፃ የገባ ነው? የባንክ ዕዳስ?» አለው። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፦ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም። ስንት ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ሊብሬ ሲጠብቅ ቀርቷል!

መካኒኩ ሲወጣ እጁን እየጠረገ እንዲህ አለ፦ «ይሄ ያረጀ ነው፣ ግን ገመናው የታወቀ ነው። መለዋወጫው እዚህ አለ፤ ቢበላሽ የትኛውም ከተማ የሚያውቀው ሰው አታጡም። ናፍጣውን ግን ይጠጣል፤ አልዋሽህም።»

ከዚያ በሐረር አድርገን፣ ካራማራን ተሻግረን ጅጅጋ ገባን። 300ው ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሸራው ሲገፈፍ እኔም አብቲም ዝም አልን። ጥቁር ነው። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ «ግቡ» አለን። በሩ ሲዘጋ የውጭው ጫጫታ ሁሉ ቆመ። የቆዳው ሽታ፣ የሰሌዳው ብርሃን፣ ቅዝቃዜው! ባለቤቱ ጃፓን ውስጥ ለሚሸጠው በጣት አሻራ ካልሆነ የማይነሳ ዓይነት እንዳለው ነገረን። ቶዮታም እንዳይቸረቸር ፈርቶ የጃፓን ገዢዎች በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰው እንዳይሸጡት ቃል ያስገባ እንደነበር፣ አንዳንዱም እስከ 4 ዓመት ሊጠብቅ እንደሚችል በ2022 መጀመሪያ ላይ እንደተነገረ አወራን።

መካኒኩ ይሄንንም አየው። «ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥሩ መኪና ነው። ግን ሁሉ ነገሩ በኮምፒውተር ነው። የሚያነበው መሣሪያና የሚያውቀው ሰው ከሌለ መብራት በርቶ ይቆማል። የቆሸሸ ናፍጣም አይወድም» አለ። የቤንዚኑ ሞተር ቤተሰብ በአሜሪካ ችግር እንደነበረበት ሰምቷል፤ እውነትም በ2024 ሞተር ውስጥ በቀረ የብረት ብናኝ ምክንያት ወደ 102 ሺህ የሚጠጉ ቱንድራና ሌክሰስ ተጠርተዋል። ይሄ ግን ናፍጣ ነበር፤ ያ ነገር አይነካውም።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናገር። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ 300ውን ፈለግኩት። ለአብቲ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው። ጁሙዓ ቀን መስጂድ በር ላይ ከሱ ስወርድ ታየኝ። ያስቀራኋቸው ልጆች ሲሮጡ ታዩኝ። ልቤ ወዲያው ማስረጃ መደርደር ጀመረ፦ «ኢማሙ ሲታመሙ ድሬዳዋ ሆስፒታል ያደርሳቸዋል፣ ጀናዛ ሲኖር ያገለግላል፣ ለማኅበረሰቡ ክብር ነው።» ፍላጎት የዑለማ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ከባድ ነው፤ እኔ ደግሞ ልብሱን አሳምሬ መስፋት አውቃለሁ።

«አብቲ፣ ምን ትላለህ?» ሲለኝ «የጨረሰ ሰው አዲሱን ነው የሚገዛው» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ይመዝገብልኝ።

ስንመለስ ማታ ድሬዳዋ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አብቲ ሒሳቡን ነገረኝ። ለ200ው የራሱ ገንዘብ ይበቃል። ለ300ው ግን ይጎድለዋል። ግመል ቢሸጥም፣ ከወንድሞቹ ቢበደርም ይጎድለዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የብርካውን ገንዘብ ለሁለት ወር ብቻ እጠቀምበታለሁ። ከካራን ዝናብ በፊት በቦታው ነው» አለኝ።

ብርካ ለማታውቁ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ ነው። የመስጂዳችን ብርካ ተሰንጥቆ ውሃው ወደ መሬት ይሰርጋል። ለጥገናው ሰው ሁሉ አዋጥቷል፦ ፍየል የሸጠች እናት፣ ሻይ የምትሸጥ መበለት፣ ከጅቡቲ የሚልክ ወጣት። ሲሚንቶና ብረት ከድሬዳዋ የሚያመጣው አብቲ ስለሆነ ገንዘቡ እሱ ጋር ተቀመጠ። ስማቸው የተጻፈበት መዝገብ ግን እኔ ጋር ነው።

አብቲ ሌባ አይደለም። ክርክሩም ባዶ አልነበረም። «ብር በእጅ ሲቀመጥ ይሟሟል፤ ባየኸው ጊዜ ሲሚንቶ ጨምሯል። መኪና ግን ዋጋው ይወጣል። ቢቸግር ሸጬ ትርፉን ጭምር ለብርካው እሰጣለሁ» አለ። ባለፉት ዓመታት ያየነው ነገር ውሸት አያደርገውም። እኔም ያን ማታ «እስቲ ላስብበት» ብዬ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም።

የሚገርማችሁ፣ ያስጨነቀኝ ሕጉ አልነበረም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ አማና የተቀመጠ ገንዘብ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም፣ ይህን ሕፃናቱም ያውቃሉ። ያስጨነቀኝ አፌ ነው። ደብተር የገዛልኝን ሰው እንዴት «አይሆንም» እላለሁ? ደግሞስ «አዲሱን ግዛ» ያልኩት እኔው አይደለሁ?

ጠዋት ከሱብሒ በኋላ አንድ መንገድ መጣልኝ። «አብቲ፣ ያልከው እውነት ከሆነ ለብርካውም ይጠቅማል። ስለዚህ ጁሙዓ ቀን ጀመዓውን እንጠይቅ። እኔ እናገርልሃለሁ። ከፈቀዱ ተጠቀምበት» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ለመኪና ብዬ በሰው ፊት ልቁም?» አለ።

ሁለታችንም ዝም አልን። መልሱ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ፊት ቆመህ ለመጠየቅ የምታፍርበት ገንዘብ ያንተ እንዳልሆነ ልብህ አስቀድሞ ያውቃል።

«እንግዲያው አልችልም» አልኩት። «መዝገቡ እኔ ጋር ነው። ሰው ቢጠይቀኝ ምን ብዬ አነባለሁ? ትናንት አዲሱን ግዛ ያልኩህም ተሳስቼ ነው፤ ለራሴ ፈልጌው ነው፤ አውፍ በለኝ።» ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። እስከ አፍደም ድረስ፣ ያን ሁሉ ፒስታ መንገድ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ለሦስት ሳምንት መስጂድ መጥቶ ሰግዶ ይሄዳል፤ እኔን አያየኝም። እናቴ «ወንድሜን ምን አደረግከው?» አለችኝ። አልነገርኳትም። ከዚያ አንድ ማክሰኞ የሲሚንቶ ጭነት መጣ። ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ሳንቲም በደረሰኝ ተወራርዶ ለኮሚቴው ተሰጠ። በሚቀጥለው ወር ነጩ 200 አፍደም ገባ፤ ወንበሩ እንደተቦጫጨቀ ነው። ብርካውም ካራን ሳይገባ ተጠገነ።

ወጣቶች ሁለት ነገር ልበልና ልጨርስ። ስለ መኪናው፦ በሚኖርበት መንገድ፣ በአካባቢህ ባለው መካኒክና በምትቀዳው ናፍጣ ምረጥ። አዲስ አበባ ላለ ሰው 300 ይሻለው ይሆናል፤ የአፍደም ሰው ግን ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሲቆም በመዶሻና በመፍቻ የሚነሳ መኪና ይሻለዋል። ከመክፈልህ በፊት ሊብሬውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ቀረጡንና ዕዳውን አጣራ። በቶጎ ውጫሌ በኩል ወረቀት ሳይኖረው «በርካሽ» የሚመጣውን አትንካው፤ ርካሽ የሚሆነው እስክትያዝ ድረስ ነው።

ስለ ሰውም፦ ሰው «ኡስታዝ፣ ምን ትላለህ?» ብሎ ሲጠይቅህ፣ ከመመለስህ በፊት በመልስህ ውስጥ ያንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ መለስኩ፤ ዋጋውንም ከፈልኩ።

አብቲ አሁን ያናግረኛል። ባለፈው ሳምንት ኢማሙን ድሬዳዋ ሆስፒታል ያደረሳቸው በዚያው 200 ነው፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መንገድ ላይ ውሃ አቀበለኝና «እንካ፣ መዓሊን» አለኝ። በአክብሮት ነው ያለው። ግን ዕድሜዬን ሙሉ «አብቲ» ነበር የሚለኝ። ያችን ቃል እስኪመልስልኝ እየጠበቅኩ ነው፤ ዱዓ አድርጉልኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።